ከየካ ኮረብታ እስከ ሐይቅ ዳር፤ ድንኳን ይዞ የሚወጣ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ድንኳን ሲባል አስቀድሞ የሚታወሰው የእድር ድንኳን ነው። ለሠርግ ወይም ለሐዘን በግቢ ይተከላል፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ይነቀልና ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ይመለሳል። አነስተኛ ድንኳን ገዝቶ፣ ልጆችን ይዞ፣ አንዳንዴም የቤት ውሻን ጨምሮ ከከተማ ወጣ ብሎ ማደር ግን ለአብዛኛው የከተማዋ ነዋሪ ገና ያልተለመደ መዝናኛ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው በመስክ ሥራ ወደ ክልሎች ቢመላለስም የሚያድረው በሆቴል ነው። በመሆኑም ቤተሰቡን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሐይቅ ዳር የሚሄድ ሰው በአብዛኛው የሚዘጋጀው ለምግቡና ለመንገዱ እንጂ ለሌሊቱ አይደለም።

ችግር የሚፈጠረውም በሌሊቱ ነው። የደጋ ነዋሪ የቤቱን ልማድ፣ በተለይም የከሰል ማንደጃውን፣ ወደ ድንኳን ይዞ ይገባል፤ ሐይቅ ዳር ሲደርስ ደግሞ በደጋ የማያውቃቸው ወባና ጥልቅ ውኃ ይጠብቁታል። ጅብን ፈርቶ ድንኳኑን አጥብቆ የሚዘጋ ቤተሰብ ከጅቡ ይልቅ ለጢሱ የተጋለጠ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የመጀመሪያውን ሌሊት ሩቅ ሄዶ ከመሞከር ይልቅ ከየካ በላይ ባለው የእንጦጦ ሰንሰለት ተለማምዶ፣ ከዚያ ወደ ሐይቅ መውረድ የተሻለ አካሄድ ነው።

ድንኳን ለእንጦጦ እንግዳ አይደለም። በቀደሙት ዜና መዋዕሎች "ከተማ" የሚለው ቃል ንጉሡና ሠራዊቱ ድንኳን ተክለው የሚሰፍሩበትን ቦታ ያመለክት ነበር። ዛሬ የመኖሪያ አካባቢን የምንጠራበት "ሰፈር" የሚለው ቃልም የመጣው ከመስፈር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአጼ ልብነ ድንግልን ቤተ መንግሥት ያገኘው በድንኳን ሰፈር ውስጥ ነበር። ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ፊታውራሪና ደጃዝማች የሚሉት ማዕረጎች በሠራዊቱ አሰላለፍና አሰፋፈር ውስጥ የነበረን ቦታ የሚያመለክቱ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ሲቀመጡም ሥፍራው በቅድሚያ የጦር ሰፈር ነበር። ንጉሡ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ 3 ዓመታት ቀደም ብሎ በ1879 ዓ.ም እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃ ወርደው በድንኳን ሲሰነብቱ የቦታው ልምላሜና የአየሩ ሙቀት ስለማረካቸው አዲስ አበባ የሚል ስም እንደሰጡት ይታወሳል። ከእንጦጦ ያወረዳቸው ቅዝቃዜው መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

በውኃ ዳር በድንኳን ማደርም ቢሆን በሃይማኖታዊ ሥርዓት የቆየ ነው። በጥር 10 የከተራ ዕለት ታቦታት ከየአድባራቱ ወጥተው በወንዝ፣ በሐይቅ ወይም በተከተረ ውኃ አጠገብ በተተከሉ ድንኳኖች ያድራሉ፤ ምእመናንም ጋቢያቸውን ተከናንበው በዙሪያው ያነጋሉ። በባቱ ከተማ በሚገኘው የዝዋይ ሐይቅ ታቦታት በጀልባ ሲጓዙ ይታያል። የየካ ነዋሪም ለዚህ ሌሊት ባዳ አይደለም፤ ጥር 12 የሚመለሰውን የየካ ሚካኤልን ታቦት ለማጀብ በርካታ ሕዝብ ይወጣል። ልዩነቱ በከተራ ሌሊት ሕዝቡ ብዙ፣ ሥፍራው ክፍት፣ ጥበቃውም የተደራጀ መሆኑ ነው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሲያድር ጥንቃቄው ሁሉ የራሱ ይሆናል።

የእንጦጦ ሰንሰለት ከከተማዋ በስተሰሜን ተነስቶ ወደ ምሥራቅ በየካ በላይ ያልፋል። ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በየካ ኮረብታ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ይገኛል። በምዕራብ በኩል ባለው የተራራው ክፍል መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ለአገልግሎት ክፍት ከሆነ በኋላ ለእንጨት ለቀማና ለጸበል ብቻ ይወጣበት የነበረው ተራራ የብዙ ቤተሰቦች መዝናኛ ሆኗል። በፓርኩም ሆነ ከፓርኩ ውጪ ባለው ደን ለማደር የሚፈልግ ሰው የማደሪያ ፈቃድን፣ የእሳትንና የውሻን ጉዳይ ከአስተዳደሩ ወይም ከወረዳው አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል። ለቀን የተፈቀደ ቦታ ሁሉ ለሌሊት የተፈቀደ አይደለም።

በአማካይ ሲታይ ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች በመገናኛ ወይም በኮተቤ የሚሰማው ብርድ በተራራው ጫፍ በብዙ ይበረታል፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ጥሎ ሊያድርም ይችላል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ሌሊት እንደ ውኃ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ከነፋስ ለመከለል ብሎ በጎድጓዳ ሥፍራ ድንኳን የሚተክል ሰው ሳያውቀው ብርድ በሚከማችበት ቦታ ተኝቷል ማለት ነው። የሚመረጠው ከጫፉ ዝቅ፣ ከሸለቆው ከፍ ያለ ደልዳላ ቦታ ነው። ጫፉ በነፋስና በመብረቅ ምክንያት አይመከርም።

ብዙዎች ለመደረብ ብቻ ያስባሉ። ይሁንና በድንኳን ውስጥ የሚያድር ሰው ሙቀቱን በብዛት የሚያጣው ከበታቹ ባለው መሬት በኩል ነው። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ በስስ ሸራ ላይ ከመተኛት አንዱን ብርድ ልብስ ከሥር ማንጠፍ ይሻላል። በላዩ ፍራሽ ወይም ስፖንጅ ቢጨመር ደግሞ የበለጠ ነው። ልጆች በለበሱት ላብ የነካው ልብስ መተኛት የለባቸውም፤ ደረቅ ካልሲና ኮፍያ የአንድ ጋቢ ያህል ይጠቅማሉ።

ብርዱ ሲበረታ ግን ከእናቶችም ከአባቶችም የሚመጣው ሐሳብ አንድ ነው፤ ማንደጃውን ወደ ውስጥ እናስገባው የሚል። ቡና ተፈልቶበታል፣ ፍሙ ቀልቷል፣ ጢሱ አልቋል፤ ምን ይጎዳል ይባላል። በከተማችን በክረምትና በብርድ ወራት በር ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎች ሕይወታቸው ማለፉ በተደጋጋሚ የሚሰማ አሳዛኝ ዜና ነው። ድንኳን ከአንድ ክፍል ቤት ያነሰ አየር የሚይዝ በመሆኑ አደጋው የከፋ ይሆናል።

ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይንም አያቃጥልም። ጢሱ የጠፋለት ቀይ ፍም ደህና መስሎ የሚያታልለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጋዙ በሳንባ በኩል ወደ ደም ሲገባ ኦክስጅን ተሸካሚ ከሆነው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን 200 ጊዜ ያህል በበለጠ ኃይል ይጣበቃል። ሰውየው ይተነፍሳል፤ ደሙ ግን ኦክስጅን አያደርስም። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የመተኛት ፍላጎት ናቸው። በተራራ ላይ የዋለ ሰው ራስ ምታቱን ለከፍታው፣ እንቅልፉን ለድካሙ ይሰጠዋል። የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን ሳያውቀው ይሞታል። በአንድ ድንኳን ያሉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው መንስኤውን ከከሰሉ ወይም ከምድጃው መፈለግ ይገባል፤ ሁሉም ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ወጥተው ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

መስኮቱን ጥቂት መክፈት በቂ ነው የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። የቡታጋዝ ምድጃም ሆነ የጄኔሬተር ጭስ ከዚህ የሚለይ አይደለም። ማንደጃው ከድንኳኑ ውጪ ይቀመጣል፤ ከመኝታ በፊትም በውኃ ይጠፋል። ለመኝታ የሚሆን ሙቀት ከፍሙ ሳይሆን ከሙቅ ውኃ ይገኛል፤ ክዳኑ የሚጠብቅ የላስቲክ ኮዳ በሙቅ ውኃ ተሞልቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ በብርድ ልብስ ውስጥ ቢቀመጥ ለበርካታ ሰዓታት ያሞቃል።

የተራራው ዛፍም ራሱን የቻለ ጉዳይ አለው። በአጼ ምኒልክ ዘመን በእንጨት እጥረት ምክንያት ዋና ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር፤ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዋን በቦታዋ እንዳቆያት ይነገራል። ይኸው ዛፍ በቅጠሉ የሚቀጣጠል ዘይት አለው። ቅርፊቱ እየተላጠ ከሥሩ ይከመራል፤ ሲቃጠል ደግሞ በነፋስ ተሸክሞ እሳቱን አርቆ ይወስዳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ የነደደ እሳት አፈር ቢደፋበት እንኳ ከሥር እየተንተከተከ ሊያድር ይችላል። እሳት የሚነደው በተፈቀደ ቦታ፣ ቅጠሉ ከዙሪያው ተጠርጎ ነው፤ የሚጠፋውም በውኃ ሲሆን አመዱን በእጅ ዳሶ መቀዝቀዙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ለመጠጥ ከተያዘው ውኃ ሌላ አንድ ጀሪካን ለእሳት ብቻ መያዝ ይበጃል። ከአቅም በላይ ለሆነ እሳት የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን የስልክ ቁጥር 939 ነው። በዚህ ተራራ የወደቀ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ እየወረዱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሴቶች መኖራቸውም አይዘነጋም። ደኑ ሲቃጠል ለሌላው መዝናኛው ነው የሚቃጠለው፤ ለእነርሱ የዕለት እንጀራቸው ነው።

ወደ ውሻው እንመለስ። በአገራችን ውሻ ጠባቂ እንጂ የጉዞ ጓደኛ ሆኖ አልቆየም። ይሁንና በኮንዶሚኒየምና በአፓርታማ የሚኖሩ ቤተሰቦች ውሻን የሚያዘልቁት በተለየ መንገድ ነው፤ ቤት ዘግቶ ለሚሄድ ቤተሰብ ውሻውን የሚተውለት ሰው ማግኘትም ቀላል አይሆንለትም። በእንጦጦ ጅብ አለ። ጅብ በሰው ድንኳን ላይ የሚደፍረው እምብዛም ቢሆንም ውጪ የታሰረ ውሻ ለእርሱ እራት ነው፤ መሸሽም አይችልም። ውሻ ይዞ የሚወጣ ሰው ውሻው በመኪና ውስጥ መስኮቱ በመጠኑ ተከፍቶለት ወይም ከቤተሰቡ ጋር በድንኳን የሚያድርበትን ሁኔታ ማመቻቸት አለበት። የሥጋና የአጥንት ትርፍም በታሰረ ዕቃ በመኪና ውስጥ ይደር።

ከሁሉ በላይ ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ የሚወስድ መሆን አለበት። በሽታው ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን የማይቻል ያህል ነው። ልጅን ውሻ ቢነክሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ጉዳዩ የሰው ብቻም አይደለም። በዓለም ላይ ቁጥሩ ከ500 እንደማይበልጥ የሚገመተው ቀይ ቀበሮ በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ ያለቀው ከቤት ውሾች በተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 በዌብ ሸለቆ የነበሩት አብዛኞቹ ሞተዋል። ብሔራዊ ፓርክን አካትቶ ለሚጓዝ ቤተሰብ ውሻውን እቤት መተው ትክክለኛው ውሳኔ ነው።

በሌላው ዓለም ቤተሰቦች መኝታና ማብሰያ የተገጠመለት ተሽከርካሪ ይዘው ይጓዛሉ። በአገራችን እንዲህ ያለው ተሽከርካሪ የሚታየው በአብዛኛው አህጉር ከሚያቋርጡ የውጭ አገር ተጓዦች ጋር ነው። የእኛ ቤተሰብ ሚኒባሱን ወንበር አጥፎ ፍራሽ ያነጥፍበታል፤ ይህም ለሕፃናትና ለአረጋውያን ከድንኳን የተሻለ ሊሆን ይችላል። ሞተር አስነስቶ ለማሞቅ መተኛት ግን ከላይ ስለ ከሰል የተባለው ሁሉ የሚመለከተው ነው። የመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ ለዚህ አገልግሎት እንደማይውል ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስታወስ አያስፈልግም።

በእንጦጦ አንድ ሌሊት ያደረ ቤተሰብ ቀጣዩን ወንጪ ቢያደርገው ያወቀውን ብርድ በሐይቅ ዳር ያገኘዋል። በአምቦና በወሊሶ መካከል የሚገኘው ይህ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ በደጋ ያለ በመሆኑ ወባ አያሰጋም። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። ውኃው ጥልቅና ቀዝቃዛ በመሆኑ ለልጆች ዋና አይመከርም።

የብዙዎች ምርጫ ግን ላንጋኖ ነው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የፍጥነት መንገዶቹ ጉዞውን አሳጥረውታል። በቀለ ሞላ በስምጥ ሸለቆ መስመር ከከፈቷቸው ሆቴሎች አንዱን በዳርቻው ካቆሙ ወዲህ ላንጋኖ የአዲስ አበባ ነዋሪ ሐይቅ ሆኖ ቆይቷል። ውኃው በውስጡ በተንሳፈፈ ሸክላማ አፈር ምክንያት ቡናማ ነው። ጨዋማነቱና ድፍርስነቱ ቢልሃርዝያን ለሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የማይመች በመሆኑ ለዋና በመተማመን ይገባበታል።

መተማመኑ ግን ሌላ ነገር ያስረሳል። በዚህ ውኃ ውስጥ ክንድ ያህል የጠለቀ ነገር አይታይም። በጠራ ውኃ የሰጠመ ልጅ ከላይ ሊታይ ይችላል፤ በላንጋኖ አይታይም። ውኃ የሚያሰጥመው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ አፉ ከውኃው በላይ የሚቆይበት ጊዜ ለመተንፈስ እንኳ አይበቃውም። በደጋ ያደጉ ወላጆች ብዙዎቻችን ዋና አናውቅም። ስለዚህ ልጆች ውኃ ውስጥ ባሉበት ጊዜ ሁሉ አንድ ዐዋቂ ስልኩን አስቀምጦ፣ መጠጥ ሳይቀምስ፣ በክንዱ ርቀት ሊቆም ይገባል። ሁሉም ያያቸዋል የተባሉ ልጆችን የሚያያቸው የለም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ስለሚበረታ በላስቲክ ጎማ የሚንሳፈፉ ልጆች በደቂቃዎች ውስጥ ወደ መሐል ሊወሰዱ ይችላሉ።

ይኸው ነፋስ ለድንኳኑም ፈተና ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከዓመታት በፊት በሐይቁ ዳር የተከለው ድንኳን ከእኩለ ሌሊት በፊት በላዩ ወድቆበታል። በእንጦጦ ቀይ አፈር አጥብቆ የሚይዘው ካስማ በአሸዋ ላይ አይቆምም። ከረጢት በአሸዋ ሞልቶ፣ አውታሩን አስሮበት፣ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር እንደሚገባ ያስተማረን ጎህ ሲቀድ ከብቶቹን ውኃ ሊያጠጣ የመጣ የአካባቢው እረኛ ነው።

ከላንጋኖ ውጪ ስላሉት ሐይቆች እንዲሁ መናገር አይቻልም። በጣና፣ በዝዋይና በሐዋሳ ቢልሃርዝያ መኖሩ በጥናት የተረጋገጠ ነው። ተውሳኩ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ በሰው ቆዳ ውስጥ ያልፋል፤ እግርን ብቻ መንከርም ያስይዛል። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየት እንዶድ እንደሚገድላቸው ያገኙት ለዚሁ በሽታ መከላከያ ነበር። በእነዚህ ሐይቆች ጉማሬም አለ። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል፤ ሣሩ የተደፈጠጠበትና ወደ ውኃው የሚወርድ ሰፊ ዱካ ካለ ድንኳን ከዚያ መራቅ አለበት።

ወባ ከሁሉም በላይ የተዘነጋ ነው። በአገራችን በልማድ ከ2 ሺህ ሜትር በታች ያሉ ሥፍራዎች ወባማ ተብለው ይታወቃሉ፤ ላንጋኖም ጣናም በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። በአዲስ አበባ ያደገ ሰው በበሽታው ስላልተያዘ ሰውነቱ የመቋቋም አቅም አላዳበረም። እ.ኤ.አ. በ1958 ወረርሽኙ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች ሲዛመት 150 ሺህ ያህል ሰዎች እንደሞቱ የሚገመተውም የደጋው ነዋሪ እንዲህ ያለ አቅም ስላልነበረው ነው። በቅርቡም እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መያዛቸው ተመዝግቧል። የወባ ትንኝ የምትበዛው ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲረጋ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ምድሩ በአደይ አበባ የሚያሸበርቅበትና ቤተሰብ ለመስቀል ወደ ሐይቅ የሚወርድበት ጊዜም ይኸው ነው። ጉዞውን ወደ ታኅሣሥና ጥር ማሸጋገር የሚቻል ከሆነ ይመረጣል። ካልሆነም የድንኳኑ መረብ ሳይቀደድ፣ አጎበር ተጨምሮ፣ ከጀንበር መጥለቅ ጀምሮ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ተለብሶ፣ ስለ መከላከያ መድኃኒት ደግሞ ከጉዞው በፊት ከሐኪም ጋር ተመክሮ መሆን አለበት። ነፍሰ ጡርና ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ላለበት ቤተሰብ ጥንቃቄው እጥፍ ነው።

በወረዳ ደረጃ ላሉ ኃላፊዎችም የሚተርፍ ሥራ አለ። በአብዛኛው ሐይቅ ዳር ለድንኳን ተለይቶ የተመደበ፣ መጸዳጃ ያለው፣ የውኃው ጥልቀት በምልክት የተመለከተበት ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። ተጓዡ በየጫካው ሲጸዳዳና ላስቲኩን ትቶ ሲሄድ የአካባቢው ነዋሪ የሚያገኘው ቆሻሻውን ብቻ ይሆናል። ለማደሪያው መጠነኛ ክፍያ ተቀብሎ፣ በአካባቢው ወጣቶች አስጠብቆ፣ ገቢውን ለዚያው ማዋል ከፍተኛ በጀት የሚጠይቅ አይመስልም።

የወባ ምልክት ከተነደፉ ከ7 ቀን በፊት አይታይም፤ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ትኩሳቱ የሚመጣው ቤተሰቡ ወደ የካ ተመልሶ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ድንኳኑም ታጥፎ በቁም ሳጥን ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። በከተማዋ የሚያክም ባለሙያ ጉንፋን ወይም ታይፎይድ ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። ወላጅ ልጁን ይዞ ሲቀርብ አስቀድሞ የሚናገረው ሐይቅ ዳር ያደሩበትን ቀን ነው፤ የደም ምርመራውም በዚያው ዕለት ይደረግ።